ጠንካራ ቡርበን በድሬ ሙቀት፦ እንዴት ቀምሰን እንለይ፣ የቱስ ዋጋውን ያወጣል?

ድሬ ላይ ቡርበን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ እንደ ብላክ ሌብልና እንደ ሬድ ሌብል በየባሩ ተደርድሮ አይጠብቃችሁም። ብዙ ጊዜ የሚገባው በሻንጣ ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም ወይ የአክስት ልጅ «እየመጣሁ ነው፣ ምን ላምጣ?» ብሎ ይደውላል፤ እዚህ ያለው «ጠንከር ያለውን» ይላል፤ ሰውዬውም ሱቅ ገብቶ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን አንስቶ ይመጣል። ከዚያ ጠርሙሱ ሳቢያን ሰፈር አንዱ ግቢ ውስጥ በኮካ እየተበረዘ በአንድ ማታ ያልቃል። መቶ ዶላር የወጣበት ነገር! በኮካ!

መበረዙ አይደለም የሚያናድደኝ። ለኮካ ከሆነ በ20 ዶላሩም ያው ነው። ትልቁ ቁጥር ጥራት አይደለም፤ የሚነግራችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ስንት አልኮልና ስንት ውሃ እንዳለ ብቻ ነው። ጥራቱ ያለው እህሉ፣ በርሜሉና ዕድሜው ላይ ነው። እነዚህን ለማወዳደር ደግሞ መጀመሪያ ቁጥሩን ከመንገድ ላይ ዞር ማድረግ ያስፈልጋል። እንዴት? እንሂድ።

ቁጥሩን ማንበብ

አሜሪካኖች ጠርሙስ ላይ የሚጽፉት «ፕሩፍ» የአልኮሉ መቶኛ እጥፍ ነው። 100 ፕሩፍ 50 በመቶ፣ 120 ፕሩፍ 60 በመቶ። ተራው ውስኪ 40 ወይ 43 ላይ ነው። እኔ እዚህ ጠንካራ የምለው ከ50 ጀምሮ ያለውን ነው።

ቡርበን ለመባል ሕግ አለው። አሜሪካ ውስጥ መሠራት አለበት፣ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በርሜል ሲገባ ከ62.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ከውሃ በቀር ቀለምም ማጣፈጫም አይገባበትም። «ስትሬት» ከተባለ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቷል። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚል ካያችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣ ሕግ ነው፤ ያኔ ነጋዴው በቀለምና በማይረባ ነገር የተጭበረበረ ውስኪ ስለሚሸጥ ነው የወጣው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ የምርት ወቅት፣ ቢያንስ 4 ዓመት፣ ልክ 50 በመቶ። ርካሽ ጠርሙስ ላይ ይህን ጽሑፍ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ።

«ባረል ፕሩፍ» ወይም «ካስክ ስትሬንግዝ» ማለት ከበርሜል ሲወጣ ውሃ ሳይጨመርበት የታሸገ ነው። በ62.5 የገባ እንዴት 66 ሆኖ ይወጣል ካላችሁ፣ ኬንታኪ ውስጥ የመጋዘኑ የላይኛው ፎቅ በበጋ በጣም ስለሚሞቅ ውሃው ከአልኮሉ ቀድሞ ይተናል፤ ስለዚህ የቀረው እየጠነከረ ይሄዳል። በተቃራኒው ሜከርስ ማርክ የሚባለው ፋብሪካ በርሜል የሚያስገባው በ55 ነው፤ ዋይልድ ተርኪ በ57.5። ስለዚህ ከነሱ ቤት የወጣ ባረል ፕሩፍ 55 ወይ 58 ቢሆን ውሃ ነክቶታል ማለት አይደለም። ሲገባም ያን ያህል ነበር። ብዙ ሰው «58 ብቻ?» ብሎ ትቶት ያልፋል። ተሳስቷል።

አንድ የመንገድ ነገር፦ በአውሮፕላን ከ70 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ ጨርሶ አይጫንም። ከ24 እስከ 70 ያለው ደግሞ በሚላክ ሻንጣ፣ ካልተከፈተ ማሸጊያው ጋር፣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ነው። ለሚመጣው ዘመድ ቀድማችሁ ንገሩት። አንዳንድ ቡርበን 70ን ያልፋል።

እህሉ

ነገሩ ያለው እዚህ ነው። በቆሎው ከ51 በላይ ከሆነ በኋላ ቀሪውን ፋብሪካው እንደፈለገ ይሞላዋል፣ ጣዕሙም የሚለያየው በዚያ ነው። ገብሱ ብቅል ነው፤ ሥራውም ለጠላ ከምንጨምረው ብቅል ጋር አንድ ነው፣ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይርለታል፣ እርሾው ያን ይበላል። የሚቀረው ሁለተኛው እህል ነው፤ ወይ ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ፣ ወይ ራሱ ስንዴ።

ራይ ያቃጥላል፣ ቅመም ቅመም ይላል። ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ። ስንዴ ለስላሳ ነው፤ በቆሎውና በርሜሉ የሚሰጡት ጣፋጭነት ፊት ለፊት እንዲወጣ ይለቀዋል።

የዋይልድ ተርኪ ድርሻ 75 በቆሎ፣ 13 ራይ፣ 12 ገብስ ነው። የጂም ቢም ቤትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ኖብ ክሪክና ቡከርስ የሚወጡት ከዚያው ቤት ነው። የሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን ስትቀምሱ ግን አንድ አይደሉም። የቢም ልጆች ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላሉ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ። ይህን ለመያዝ የባቢሌ ኦቾሎኒ አንድ እፍኝ ገዝታችሁ በጥርሳችሁ ሰበር አድርጉና አሽትቱት፣ ከዚያ ወደ ኖብ ክሪክ ተመለሱ። ዋይልድ ተርኪ ደግሞ ይበልጥ ወደ ተቃጠለ ስኳርና ወደ ቅመሙ ነው። እህሉ ተቀራራቢ ሆኖ ጣዕሙ መለያየቱ እርሾው፣ አልኮሉ የሚወጣበት ጋንና በርሜሉ የሚሠሩትን ያሳያል። ስለዚህ ድርሻ አይቶ ጣዕም ለመገመት መሞከር ጥሩ ነው፣ መማል ግን አይቻልም።

ራይ የበዛበትን ከፈለጋችሁ ኦልድ ግራንዳድ 114 አለ፤ 57 በመቶ ነው፣ ራዩ 27 በመቶ ይደርሳል። አፍ ውስጥ ሲገባ ቀረፋው ይመታል። ፎር ሮዝስ ደግሞ ነገሩን ወደ ሂሳብ ቀይሮታል፦ ሁለት የእህል ድርሻ አለው፣ አንዱ 20 ሌላው 35 በመቶ ራይ፤ በአምስት ዓይነት እርሾ ያባዛቸዋል፤ አሥር የተለያየ ውስኪ ይሆናል፤ በአራት ፊደል ይሰይማቸዋል። ሁለተኛው ፊደል ኢ ከሆነ ራዩ አነስ ያለው ነው፣ ቢ ከሆነ የበዛው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል እርሾው ነው። ይህን ካወቃችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለው ምስጢር የሚመስል ነገር ግማሹ ተፈታ።

ስንዴ ካላቸው ውስጥ ሜከርስ ማርክ 70 በቆሎ፣ 16 ስንዴ፣ 14 ገብስ ነው። ላርሰኒ 68፣ 20፣ 12። የላርሰኒ ባረል ፕሩፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የጀመረው፤ ከ60 ከፍ ሲልም እንኳ ጉሮሮ ላይ እንደ ራዩ አይጮህም። ግን ተጠንቀቁ፣ ለስላሳ ስለሆነ ሰው ይዘነጋል።

ስንዴ ካላቸው ቡርበኖች ሰው ሁሉ የሚያወራለት ፓፒ የሚባለው ነው። ተዉት። በዋጋው በግ ይገዛል፣ ሁለትም።

እና ጃክስ? ጃክ ዳንኤልስ 80 በቆሎ፣ 12 ገብስ፣ 8 ራይ ነው፣ ከበርሜል በፊት በሜፕል ከሰል ይጣራል፣ ራሱን ቴኔሲ ውስኪ ይላል። ጣዕሙ ወደ ሙዝ ያዘነብላል። በባረል ፕሩፍ የሚወጣው ኃይለኛ ነው፤ ጃክ ለለመደ ሰው መግቢያ ይሆነዋል።

አቀማመሱ

መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከሰዓት 60 በመቶ አልኮል ብርጭቆ ውስጥ ካስቀመጣችሁ አልኮሉ በትነት አፍንጫችሁን ይዘጋዋል፣ ሌላ ምንም አይሸታችሁም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጠብቁ፣ ጠርሙሱንም ቀን ቀን ጥላ ውስጥ አውሉት። ሐረር ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የማታ አየር ለዚህ ነገር የተመቸ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት፣ ብርዱ መዓዛውን ያፍነዋል።

ሁለተኛ፣ ከጫት በኋላ አትቅመሱ። ምላስ መርሮ ደንዝዞ እያለ ራይና ስንዴ ልትለዩ? ለጨብሲ ከሆነ ቢራ ይበቃችኋል፣ ባረል ፕሩፉን ለሌላ ቀን ተዉት። ሚጥሚጣ ያለበት ሳምቡሳም እንደዚሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳልፉ።

ሦስተኛ ውሃ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ከባድ ነው፣ ማፍያችሁ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ጣዕሙን ያበላሽባችኋል። የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። ከመድኃኒት ቤት ደግሞ መርፌ የሌለው ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ። ከሁሉም ዕቃ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ብርጭቆው የወይን ብርጭቆ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከሌለ የሻይዋ ትበቃለች። ብርሌ አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አልኮሉን አጥምዶ ይይዝና አፍንጫ ላይ ይለቀዋል።

አሁን ሥራው። በየብርጭቆው 15 ሚሊ ብቻ ቅዱ። ከሦስት ጠርሙስ በላይ በአንድ ማታ አታወዳድሩ፤ ከዚያ በላይ ምላስ ይዋሻል። አንድ ሰው ብርጭቆዎቹ ሥር ቁጥር ለጥፎ ቦታ ያቀያይርላችሁ፣ ስሙን ካያችሁ ዋጋውን ነው የምትቀምሱት። አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ ከብርጭቆው ራቅ ብላችሁ አሽትቱ። የመጀመሪያውን ጉንጭ አትቁጠሩት፣ አፍ ለማላመድ ነው፤ ትንሽ ቆይታችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ፣ ምላስ ላይ አዙሩት፣ ከዋጣችሁ በኋላ የሚቀረውን ጠብቁ። ጥሩ ቡርበን ከዋጡት በኋላ ነው ብዙ የሚያወራው።

ከዚያ እንደገና 15 ሚሊ ቅዱና ሁሉንም ወደ 50 በመቶ አውርዱ። ይህን ነው አብዛኛው ሰው የሚዘለው፣ ያለዚህ ግን ማወዳደር የለም፤ 65ን ከ50 ጋር ካስቀመጣችሁ የምታወዳድሩት ማቃጠልን ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። የጠርሙሱን መቶኛ ለ50 አካፍሉ፣ 1 ቀንሱ፣ በቀዳችሁት ሚሊ አባዙ። 15 ሚሊ የ60 በመቶ ከሆነ 3 ሚሊ ውሃ። የ65 ከሆነ 4 ሚሊ ተኩል። የዋይልድ ተርኪ ባረል ፕሩፍ የሆነው ሬር ብሪድ 58.4 ነው፣ 2 ሚሊ ተኩል ይበቃዋል። ውሃውን ጨምራችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ እንደገና አሽትቱ። አንዳንዱ ውሃ ሲገባው ይከፈታል፣ ያልነበረ ቫኒላና የደረቀ ፍሬ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ይፈርሳል፣ እንጨትና ምሬት ብቻ ይቀራል። ይህኛው ቀድሞም ያማረው በጉልበቱ ነበር።

በረዶ ስትጨምሩ ቢደፈርስ አትደንግጡ። ያልተጣራ ጠንካራ ውስኪ ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል፤ ቡከርስ ለምሳሌ ሳይጣራ ነው የሚታሸገው።

ስለ መጠኑ ደግሞ ቁጥሩን ልንገራችሁ። 50 ሚሊ የ60 በመቶ ቡርበን ውስጥ 30 ሚሊ ንጹህ አልኮል አለ። 5 በመቶ የሆነች 330 ሚሊ ቢራ ውስጥ ያለው 16 ሚሊ ተኩል ነው። አንድ ደብል ወደ ሁለት ቢራ ይጠጋል ማለት ነው፣ በሁለት ጉንጭ። ከዚህ በኋላ በደንገጎ ጠመዝማዛ መኪና የሚነዳ ሰው ካለ ቁልፉን ቀሙት።

ዋጋው

እዚህ ላይ ሰው ጠርሙስ ከጠርሙስ ያወዳድራል። ስህተት ነው። የምትከፍሉት ለውሃም ጭምር ስለሆነ በንጹህ አልኮሉ አካፍሉት። የአሜሪካው ጠርሙስ ብዙ ጊዜ 750 ሚሊ ነው። የአሜሪካ ዋጋ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ የምሰጣችሁ ግምት ነው፦

ኢቫን ዊሊያምስ ነጩ ወረቀት፣ ቦትልድ ኢን ቦንድ፣ 20 ዶላር ገደማ። 375 ሚሊ ንጹህ አልኮል አለው። ሚሊው 5 ሳንቲም። ዋይልድ ተርኪ 101፣ 50.5 በመቶ፣ 27 ዶላር ቢሆን ሚሊው 7 ሳንቲም። 40 በመቶ የሆነ ተራ ጠርሙስ በ20 ዶላር ብትገዙ እንኳ ሚሊው 6.7 ይመጣል፤ ማለትም 101ዱ ከተራው ጋር እኩል ነው፣ ጣዕሙ ግን እኩል አይደለም። ሬር ብሪድ 55 ዶላር፣ 12 ሳንቲም ተኩል። ቡከርስ 95 ዶላር፣ 63 በመቶ ነው ብንል፣ 20 ሳንቲም።

ሬር ብሪድን ወደ 40 በመቶ ብታወርዱት ከአንዱ ጠርሙስ 1.1 ሊትር ገደማ ይወጣል። ለግብዣ ይህን አስቡት። እዚህ ባር ውስጥ በመለኪያ ስትጠጡም ያው ነው፤ የመለኪያውን ሚሊ ጠይቁ፣ የጠርሙሱን መቶኛ እዩ፣ ብሩን አካፍሉ። አስተናጋጁ ትንሽ ይታዘባችሁ ይሆናል። ይታዘብ።

እንግዲህ ምን ይምጣ? ለአንድ ጠርሙስ ብቻ ቦታ ካለ ዋይልድ ተርኪ 101፣ አልከራከርም። ባረል ፕሩፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ ሬር ብሪድ፤ የ6፣ የ8 እና የ12 ዓመት ድብልቅ ነው፣ ውሃ ሲገባው አይፈርስም፣ ሁልጊዜም ይገኛል። ቡከርስ ጥሩ ነው፣ ግን ከዚያው ቤት የሚወጣው ኖብ ክሪክ ሲንግል ባረል 60 በመቶና 9 ዓመት ሆኖ ዋጋው ወደ ግማሹ ይጠጋል፤ ልዩነቱ ለእኔ 40 ዶላር አያወጣም። ጣፋጭ ለሚወድ ላርሰኒ ባረል ፕሩፍ ወይም ሜከርስ ማርክ ካስክ ስትሬንግዝ።

ዕድሜ ያለውን የሚፈልግ ኤላይጃ ክሬግ ባረል ፕሩፍን ይሞክር። እ.ኤ.አ. እስከ 2023 መጀመሪያ 12 ዓመት የሞላው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜው ከዙር ዙር ይለያያል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ማንበብ ግድ ነው። ኮዱ ቀላል ነው፦ ሲ923 ካለ ሲ የዓመቱ ሦስተኛ ዙር፣ 9 ወሩ፣ 23 ዓመተ ምሕረቱ በነሱ አቆጣጠር። እንጨቱ ይበረታል፤ የማይወዱት አሉ።

በኮካ ለሚጠጣው ሰውዬ? ነጩ ኢቫን ዊሊያምስ። 50 በመቶ ስለሆነ ኮካው ውስጥ አይጠፋም፣ ገንዘቡም አያሳዝንም።

ስለ ፎርጅድና ስለ ማስቀመጥ

በሻንጣ ካልመጣ ክዳኑን፣ ማሸጊያውንና የተጻፈውን መቶኛ በደንብ እዩ። ክብሪት ጭሮ «ነደደ፣ ኦሪጅናል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፣ አረቄም እንደዚህ ይፈትናሉ። ድሬ ላይ ይህ አይሠራም። 40 በመቶ አልኮል 26 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለእሳት የሚበቃ ትነት ያወጣል፤ በእኛ ከሰዓት ተራው ውስኪም ይነዳል። ሜታኖል ያለበት መርዛማ መጠጥም ይነዳል። ምንም አይነግራችሁም፣ ጣት ያቃጥላል እንጂ። ጠርሙሱን ነቅነቅ ብታደርጉ ይሻላል፤ ከ50 በላይ የሆነው ብዙ ጊዜ ቆይቶ የሚጠፋ አረፋ ያወጣል፣ የተበረዘው ቶሎ ይተኛል። ማረጋገጫ አይደለም፣ ግን 60 በመቶ ተብሎ አረፋው ወዲያው የጠፋ ጠርሙስ ካጋጠማችሁ ብሩን ኪሳችሁ መልሱ።

ከተከፈተ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እንደ ወይን አታስተኙት፣ ጠንካራ አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይ መስኮት አጠገብ አይሁን። ሲሶ ሲቀረው ወደ ትንሽ ንጹህ ብልቃጥ ገልብጡት፣ አየሩ ከበዛበት ጣዕሙ እየሞተ ይሄዳል። ፕላስቲክ ውስጥ ግን፣ ያ የሃይላንድ ጠርሙስ ባዶውን ቢያያችሁም፣ አታስገቡት።